ችካሉ ከመተከሉ በፊት

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ። በአዳሚ ቱሉ ጅዶ ኮምቦልቻ ወረዳ የሚገኘው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ተከተለ። በአዳማና በሞጆ መካከል የታቀደው የገዳ ልዩ ኢኮኖሚ ዞን ደግሞ ወደ 24 ሺህ ሄክታር መሬት ይሸፍናል። ይህን ያህል መሬት ባዶውን አይገኝም፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ሙታን የተቀበሩበት ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ክርክሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከትንሽ ጥያቄ ነው። ልጅ አግብቶ ጎጆ ሊወጣ ሲል አባት ከይዞታው ቆርሶ ይሰጠዋል፤ ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ገዝቶ ቀበሌ ሲሄድ «ቦታው ለልማት ተከልሏል» ይባላል። በእኔ እምነት ጠቡ የሚበርደው የግንባታ ክልከላው መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ በግልጽ ሲታወቅ ነው።

«የአባቶቼ መሬት ነው» የሚል አቤቱታ ቢሮ ሲደርስ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ ለምን እንደሌለ ታሪኩ ይናገራል። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ሀብት ስላደረገው፣ የአርሲ ኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ያሰማራበት ሜዳ በሕግ ዓይን የእሱ አልነበረም። አራሹም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የባለርስት ጭሰኛ ነበር። የየካቲት 1967 አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር የገጠር መሬትን በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ቦታውን ሳይለቅ ለትውልድ የኖረ ብዙ ቤተሰብ በየትኛውም ሥርዓት የባለቤትነት ሰነድ አልደረሰውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ደንግጎ፣ ለገበሬው ከመፈናቀል ጥበቃ፣ በጉልበቱና በገንዘቡ ለሠራው ቤትና ላለማው ሀብት ደግሞ ሙሉ መብት ሰጠ። ስለዚህ መሬቱን የሚለቅ ሰው ቤቱ፣ ዛፉና የውሃ ጉድጓዱ ይገመትለታል። የሕንጻ አዋጅ 624/2001 ለመኖሪያ ቤት እንዲሠራ የተደነገገው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ስለነበር፣ በገጠር ቀበሌ ጎጆ ያለ ፕላን ይሠራል። ቀበሌው ከተማ ወይም የኢኮኖሚ ዞን ውስጥ ሲገባ ግን ያው ቤት ፕላንና ካርታ ይጠየቅበታል። ገበሬው ያለው የይዞታ ደብተርና የግብር ደረሰኝ ነው። ፈቃድ አይሰጠው፣ ካሳ አይከፈለው፤ ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ መቀየር ይፈራል። ዓመታት አልፈው ገማች ሲመጣ የሚለካው ያረጀውን የጭቃ ቤት ነው።

«ክልከላው ቢነሳ ደላላ ካሳ ለመብላት በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ይተክላል» የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸው እውነት ነው። መከላከያው ግን ክልከላው በተነገረ ሰሞን እያንዳንዱን ቤት ለክቶና ፎቶ አንስቶ መመዝገብ፣ አንዱን ቅጂ ለባለይዞታው መስጠት ነው። ያኔ ሌሊት የበቀለው ቤት ራሱን ያጋልጣል። ለክልከላውም ገደብ ይኑር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ካሳ ካልተከፈለ ፈቃዱ ይሰጥ። «ልማት ይዘገያል» ለሚለውም፣ የአዳሚ ቱሉ ወጣት ሥራ እንደሚያስፈልገው አልክድም። ነገር ግን በመስከረም 2009 በኦሮሚያ የተቃጠሉት ፋብሪካዎችና እርሻዎች ቅሬታ ሲጠራቀም ባለሀብቱንም እንደማይምር አሳይተዋል። ሕንድም ከብዙ የመሬት ግጭት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ መሬት ለግል ኩባንያ ሲወሰድ የ80 በመቶ ተነሺዎችን ፈቃድ አስገድዳለች።

ከሁሉ የሚከብደው የወል ግጦሽ ነው፤ ቤትም ተክልም ስለሌለበት ገማቹ የሚጽፈው ያጣል። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ 1161 ግን የወል መሬት ካሳ ከመሬቱ በሚገኘው ጥቅም እንዲሰላ ይፈቅዳል። ይህ እንዲሠራ የማን ከብት በየትኛው ወር የት እንደሚሰማራ፣ በየትኛው መንገድ ወርዶ ውሃ እንደሚጠጣ ሽማግሌዎችና እረኞች ባሉበት ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ይህም ችካሉ ከመተከሉ በፊት።