አንድ እንስሳ በሁለት ስም
ስለ ደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን እግር የለሽ እንቁራሪት አስተኔ አሰያየምና አመዳደብ

መግቢያ

በአማን፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ የሚያስተምር መምህር ስለ ሳይንሳዊ ስያሜ ለማስረዳት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በየጓሮው የሚለቀመው ቡና በሳይንስ ስሙ ኮፊያ አራቢካ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1753 በመጽሐፍ ያሳተመው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ ሲሆን፣ ተክሉን የሚያውቀው ከዐረብ ምድር የመጣ በመሆኑ ነበር። የቡናው የትውልድ ስፍራ የእኛው ደን መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላም «አራቢካ» የሚለው ቃል አልተለወጠም። በዚህ ጊዜ አንድ ንቁ ተማሪ «ስሙ ከተሳሳተ ለምን አይታረምም?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ምን ይመልስለታል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱን በዚሁ የአገራችን ክፍል በሚኖር አንድ እምብዛም በማይታወቅ እንስሳ አማካይነት ማስረዳት ነው።

የስያሜው ደንብ

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው እንስሳው ወይም ተክሉ የሚመደብበትን ወገን፣ ማለትም ጂነስን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዝርያውን ለይቶ ያመለክታል። ለእንስሳት ስያሜ መነሻ ሆኖ የተወሰነው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ያሳተመው መጽሐፍ አሥረኛ እትም ነው። ሁለቱ ቃላት የተለያየ ተግባር አላቸው። ሁለተኛው ቃል መለያ እንጂ መግለጫ ስላልሆነ፣ በደንቡ መሠረት አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ይጸናል። የመጀመሪያው ቃል ግን ስለ ዝምድና የሚሰጥ ፍርድ ስለሆነ፣ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ሊታረም ይችላል። ይህ ልዩነት በሚከተለው ታሪክ ጎልቶ ይታያል።

ከአፈር በታች ያለው እንስሳ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር እግር የለሽ እንስሳ አለ። ሲሲሊያን ከሚባሉት እንስሳት አንዱ ነው። አካሉ ረዥምና በቀለበት የተከፋፈለ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የምድር ትል ወይም ትንሽ እባብ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ የጀርባ አጥንት፣ መንጋጋና ጥርስ ስላለው ትል አይደለም። ቆዳው እርጥብና ለስላሳ፣ በዓይኑና በአፍንጫው መካከልም ለማሽተት የሚረዳው ትንሽ ዳሳሽ ያለው በመሆኑ እባብም አይደለም። የእንቁራሪት ዘመድ፣ ማለትም እንቁራሪት አስተኔ ነው። ጫጩቶቹም በውሃ ውስጥ ያድጋሉ።

በዓለም ያሉትን ሲሲሊያኖች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ቴይለር፣ የኢትዮጵያውን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1970 ጂኦትራይፔቴስ ግራንዲሶኔ ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል እንስሳውን በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሚገኙ ሲሲሊያኖች ወገን የሚመድብ ነው። ሁለተኛው ቃል በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ትሠራ ለነበረችው ለአሊስ ግራንዲሰን መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

ከ17 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ማርቫሊ ዌክ የተባለች ተመራማሪ የእንስሳውን የሰውነት አሠራር ከሌሎቹ ጋር አነጻጽራ ለብቻው ወገን እንደሚገባው አሳየች። ስሙም ሲልቫሲሲሊያ ግራንዲሶኔ ሆነ። «ሲልቫ» በላቲን ደን ማለት ሲሆን፣ «ሲሲሊያ» ዕውር ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ የወገኑ ስም ሲለወጥ የዝርያው መለያ አልተነካም። በጥናት ጽሑፎች ከስሙ ቀጥሎ (ቴይለር፣ 1970) ተብሎ በቅንፍ መጻፉም ዝርያውን መጀመሪያ የሰየመው ቴይለር መሆኑን፣ ወገኑ ግን ከዚያ ወዲህ መለወጡን ያመለክታል። ቅንፉ ብቻውን ታሪክ ይናገራል ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሲሲሊያኖች አመዳደብ እንደገና ሲጠና፣ የኢትዮጵያው ዝርያ በአብዛኛው በሕንድና በሲሸልስ ደሴቶች ከሚገኙት ጋር በአንድ ቤተሰብ ተመደበ። ከነዚህ ዘመዶቹ መካከል ግራንዲሶኒያ የሚባለው የሲሸልስ ወገን ይገኝበታል። ይህም ስም ለዚያችው ሴት መታሰቢያ በቴይለር የተሰጠ ነበር። እነዚህ እንስሳት ውቅያኖስ ተሻግረው የሚጓዙ አይደሉም። ስለዚህ ዝምድናቸው አፍሪካ፣ ሕንድና ሲሸልስ አንድ ምድር የነበሩበትን እጅግ ጥንታዊ ዘመን የሚያስታውስ ነው።

መመሳሰል ዝምድና አይደለም

ተማሪዎች በብዙ የውጭ መጻሕፍት የእንቁራሪት አስተኔ ምሳሌ ሆኖ የሚያገኙት ሳላማንደርን ነው። ሳላማንደር ግን ከሰሐራ በስተደቡብ በሚገኘው አፍሪካ አይኖርም። ከሳላማንደሮች መካከል ሳንባ የሌላቸውና በቆዳቸው የሚተነፍሱ አሉ። እነዚህ በአንድ ቤተሰብ የሚጠቃለሉ ሲሆን፣ ከ450 የሚበልጡት ዝርያዎቻቸው በአብዛኛው በአሜሪካ አህጉሮች ይገኛሉ። ሳንባ የሌለው ሲሲሊያንም አለ፤ አትሬቶቾዋና ይባላል፤ የሚገኘውም በደቡብ አሜሪካ ነው። ይህንንም መጀመሪያ በ1968 የሰየመው ያው ቴይለር ሲሆን፣ ወገኑ የተለወጠው በ1995 ነው። ሁለቱም ሳንባ ስለሌላቸው ብቻ በአንድ ቤተሰብ አይመደቡም፤ ሳንባቸውን ያጡት በየራሳቸው መንገድ ነውና። የእኛውም እንስሳ ትል መምሰሉ የትል ዘመድ እንደማያደርገው ሁሉ ማለት ነው።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው የማስተማር ዘዴን ይመለከታል። ምደባ በቃል የሚጠና የስም ዝርዝር ሳይሆን በማስረጃ የሚቆምና በማስረጃ የሚታረም ፍርድ መሆኑን ተማሪው ሊረዳ ይገባል። መምህሩ እንስሳ ሳያስገድል ተማሪዎቹ ያዩበትን ቀን፣ ቦታና ሁኔታ እንዲመዘግቡ፣ የአገር ሽማግሌዎችም በቤንች፣ በሸኮ፣ በካፋ፣ በሸካ ወይም በመዠንገር ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም ጠይቀው በትክክል እንዲጽፉ ሊያደርግ ይችላል። የተሰበሰበውን መዝገብ ለሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማድረስም አይቸግርም።

ሁለተኛው ዕቅድን ይመለከታል። አዋቂው እርጥብ አፈርን፣ ጫጩቱ ንጹሕ ውሃን የሚሻ እንስሳ፣ ደኑ ተመንጥሮ አፈሩ ሲደርቅ፣ ምንጩም ሲደፈርስ የሚሸሽበት የለውም። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገባቸው መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ዛፉን ቆጥሮ ከሥሩ ያለውን አፈር የሚዘነጋ ዕቅድ ግማሽ ዕቅድ ነው። የተሳሳተ ስም በአዲስ ጥናት ይታረማል፤ የጠፋ ዝርያ ግን በምንም ጥናት አይመለስም።