ሳላመኝ ምን ልታይ?

የማህፀን በር ካንሰር አይቸኩልም። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ያን ሁሉ ዘመን ሴትዮዋ ታርማለች፣ ትወልዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፤ የሚያማት ነገር የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። እሷ አልደበቀችም፤ በሽታው ነው የተደበቃት።

ስለዚህ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ያለች እናት «ሳላመኝ ምን ልታይ?» ብትል አላዋቂነት ብለን ባናልፈው ይሻላል። ሒሳቧን እንየው። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከተማ በገበያ ቀኗ የዙሪያዋን ገበሬ ትሰበስባለች። ሴቲቱ ዶሮዋንና እህሏን ሸጣ፣ ጨውና ሳሙናዋን ገዝታ፣ ሳይመሽ ቤቷ መግባት አለባት። ጤና ጣቢያ ወረፋ ከያዘች ገበያው ያመልጣታል። ተራዋ ደርሶ ስትገባ የሚያያት ባለሙያ ወንድ ሆኖ ቢገኝስ? የታመመች ሴት ሐፍረቷን ትውጠዋለች፤ ጤነኛዋ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ትመለሳለች። መንደር ውስጥም «ምን ሆና ነው ማህፀኗን የታየችው?» ይባላል። ቫይረሱ በምን እንደሚተላለፍ የሰማ ጎረቤት ደግሞ ወሬውን ወደ ጠባይዋ ይወስደዋል። ቫይረሱን ከውጭ ያመጣው ባሏ ቢሆን እንኳ ስሙ የሚጠፋው የእሷ ነው።

ሌላም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሴቶች ተደፍረዋል፤ የከተማዋ ሆስፒታልም ተዘርፏል። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈባትን ሴት አልጋ ላይ ውጪ ማለት ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ምርመራው ግን ራሱ አጭር ነው። የማህፀን በር በአሴቲክ አሲድ ይጠረጋል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ለሕክምናው የሚመች ከሆነም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ያ ቦታ ገና ካንሰር አይደለም። «ካገኙብኝ የት እሄዳለሁ?» የሚለው ፍርሃት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ወደዚያ መንገድ ላለመውጣት ነው አስቀድሞ መታየቱ።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው የጤና ጥበቃ መመሪያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲታዩ አዝዞ ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ግን በዚህ ዕድሜ ክልል አንዴም ቢሆን የታዩት 2.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ግምት ደግሞ 7,445 ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 5,338 ሞተዋል።

ታዲያ ሴቶች አይመጡም? ከ2002 እስከ 2006 ዓ.ም. «አዲስ ተስፋ» የተባለው ፕሮጀክት ኤችአይቪ በደማቸው ያለ 16,632 ሴቶችን በ14 ጤና ተቋማት መርምሯል። ከ10 አንዷ ላይ ለውጥ ተገኘ፤ ሊታከሙ ከሚችሉትም አብዛኞቹ ታከሙ። እነዚህ ሴቶች ከሌሎቹ የተለየ ድፍረት አልነበራቸውም። ቀድሞውንም ለኤችአይቪ ክትትል የጤና ተቋሙን ደጃፍ የለመዱ ነበሩ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የኤችፒቪ ክትባትም ዋና መንገዱ ትምህርት ቤት ነበር። ልጅቷ ባለችበት ተገኘች፤ እናቷ ግን ራሷ ፈልጋ እንድትመጣ ነው የሚጠበቅባት።

እናትም የምትገኝበት ቦታ ይታወቃል፦ ልጇን ስታስከትብ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ስትወስድ፣ ገበያ ስትወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቲቱ ናሙናውን በራሷ እጅ የምትወስድበትን የኤችፒቪ ምርመራም ይመክራል፤ ሐፍረቱን የሚያቀልል ነውና በወረዳ ደረጃ ሊታሰብበት ይገባል። እስከዚያው የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ቢያንስ በገበያ ቀን አንዲት ሴት ባለሙያ ለዚህ ሥራ ይመድቡ። ባሎችም ሚስቶቻችሁ ሲሄዱ «ምን ሆነሽ?» አትበሏቸው፤ አህያውን እናንተ ጠብቁላቸው።