ቁልፍን ለመስበር ስንት ግድብ ያስፈልጋል?

ኦምዱርማን ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ፣ ከካርቱም ማዶ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ለብዙ ነዋሪዎቿ፣ በዚያ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ ከዘመድ መገናኛው የእጅ ስልክ ሆኗል። መልእክቱም በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ ይጓዛል። ለመሆኑ ኃይለኛ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ቁልፎችን በየተራ እየሞከረ ሊፈታው ይችላልን? መልሱን የሚሰጠን ፊዚክስ ነው።

የምስጢር ቁልፍ የ0 እና የ1 ተርታ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ቢት ይባላል። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የቁልፎቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ባለ 56 ቢት ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ተሰብሯል። ባለ 128 ቢቱ ግን 3.4 × 10³⁸ ያህል አማራጮች አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1961 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሮልፍ ላንዳወር አንድ ቢት ሲደመሰስ ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ጉልበት ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ አስረዳ። መጠኑ የሚገኘው የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በኬልቪን በተለካ ሙቀትና በ0.693 ሲባዛ ነው። በኦምዱርማን የበጋ ሙቀት፣ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለትም በ313 ኬልቪን፣ 3 × 10⁻²¹ ጁል ይሆናል።

እንግዲህ እናስላ። ለአንድ ሙከራ አንድ ቢት ብቻ ቢደመሰስ እንኳ ባለ 128 ቢቱን ቁልፍ ሞክሮ ለመጨረስ 10¹⁸ ጁል ያህል ያስፈልጋል። 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሱዳኑ የመሮዌ ግድብ ይህን ለማመንጨት በሙሉ አቅሙ ሳያቋርጥ 26 ዓመት ያህል መሥራት አለበት። 5,150 ሜጋዋት ያለው የሕዳሴ ግድብም ከ6 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ዛሬ ያሉት ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከዚህ ወሰን እጅግ የበዛ ጉልበት ይፈጃሉ። ለባለ 256 ቢት ቁልፍማ ፀሐይ የምታመነጨው ጉልበት ሁሉ ከ10²² ዓመት በላይ ቢጠራቀም ነው የሚበቃው።

ቢት ሳይደመስስ የሚያሰላ መሣሪያ ከወሰኑ በታች ሊወርድ እንደሚችል፣ የኳንተም ኮምፒዩተርም የሙከራውን ብዛት ሊቀንስ እንደሚችል በንድፈ ሐሳብ ይታወቃል። ባለ 256 ቢት ቁልፍ የሚመረጠው አንድም ለዚህ ነው።

ታዲያ ሥጋቱ የት ላይ ነው? ስልኩ ራሱ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ባለ አራት አሃዝ መክፈቻ 10,000 አማራጮች ብቻ ስላሉት 14 ቢት እንኳ አይሞላም። የልደት ዓመት ከሆነ ደግሞ መቶ ሙከራ ይበቃዋል። ግድብ የሚያደርቀው ቁልፍ በዚህች ትንሽ በር ይታለፋል።

መልመጃ፦ ባለ ስድስት አሃዝ መክፈቻ ስንት ቢት ይሆናል? ተማሪዎች አስሉ።