ከ«ዲ» በታች ያሉት ምልክቶች

አውቶማቲክ መኪና የሚነዱ ከሆነ በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ፊደላት አራት ናቸው፦ ፒ፣ አር፣ ኤን እና ዲ። ከዲ በታች ደግሞ «3»፣ «2» እና «ኤል» ይኖራሉ፤ በሌላው መኪና «ኤስ» እና «ቢ»፣ በሌላው ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። መኪናውን ከገዙ ጀምሮ እጅዎ እዚያ ደርሶ የማያውቅ ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። «አውቶማቲክ የገዛሁት ማርሽ ላለመቀየር አይደል እንዴ?» የሚል ሰው ሞልቷል። እውነት አለው። ከቦሌ ሜክሲኮ ለመመላለስ ዲ ከበቂ በላይ ነው፤ በከተማ መንገድ ካምቢዮው ሥራውን ከእኔም ከእርስዎም በተሻለ ያውቀዋል።

የማያውቀው ከፊቱ ያለውን መንገድ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ካምቢዮው ማርሽ የሚመርጠው የመኪናውን ፍጥነትና ነዳጅ መስጫው የተረገጠበትን መጠን አይቶ ነው። ከመታጠፊያው በስተጀርባ ቁልቁለት እንዳለ አይታየውም። እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ጉልበት እንዳልፈለጉ ቆጥሮ ወደ ቀላሉ ማርሽ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ይህ ትክክል ነው። ለበዓል ቤተሰብዎን ይዘው ባሕር ዳር ሲሄዱ ግን ዓባይ በረሃ ይጠብቅዎታል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ባለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ሰውና ሻንጣ ይዛ 1,300 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪና በዚህ ቁልቁለት የምትለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ መዳፍ የማያክሉ የፍሬን ሸራዎች ይሸከሙታል። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ ከሆነና ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጡ ያህል ለስልሶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከመነሳታቸው በፊት ጋራዥ የታየ ደህና ፍሬን ያላቸው መኪኖችም አይድኑም።

ለከባድ መኪና ሾፌሮች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የቆየ ደንባቸው ነው። አውቶማቲክ መኪናም ይህን ይችላል፤ ማዘዝ ያለብዎት ግን እርስዎ ነዎት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ፍጥነትዎ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ፣ ከዲ ወደ «3»፣ መንገዱ ከከበደ ወደ «2» ያውርዱት። መኪናው መቆም የለበትም። «2» ማለት ካምቢዮው ከሁለተኛ ማርሽ በላይ እንዳይወጣ ጣሪያ አበጁለት ማለት ነው። እኔ ከ60 በላይ እየሄድኩ «2»፣ ከ30 በላይ እየሄድኩ «ኤል» አላስገባም፤ የመኪናዎን ትክክለኛ ልክ ግን መመሪያው ላይ ያገኙታል። ፍጥነቱ ካለፈ መጀመሪያ በፍሬን ቀንሰው ከዚያ ማርሹን ያውርዱ።

ሞተሩ ያጓራል። ብዙ ሰው ደንግጦ ወደ ዲ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። አይደንግጡ፤ የሞተር ዙር መቁጠሪያው 3,000 ወይም 4,000 ላይ መሆኑ ቀዩ መስመር እስካልደረሰ ድረስ ጉዳት የለውም። ነዳጅም አይበላም። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ቤንዚኑን ይዘጉታል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ስለዚህ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ኤን ላይ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ኤን ላይ ያለ ሞተር ላለመጥፋት ቤንዚን ይፈልጋል፣ መኪናውንም አይዝም።

ፍሬንዎን የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ጠንከር አድርገው ይርገጡና ይልቀቁት፤ ቀለል አድርጎ ይዞት መውረድ ነው የሚያግለው። አልፎ አልፎ ነካ ማድረጉም ጥሩ ነው፤ በማርሽ ሲይዙ የኋላ መብራትዎ ስለማይበራ ከኋላ ያለው ሾፌር ፍጥነት መቀነስዎን አያውቅም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙና በራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ። በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አይደፋም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ወደ ላይ ሲወጡም ነገሩ ይሠራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ጣርማ በር ሲወጡ ካምቢዮው አራተኛ አስገብቶ ወዲያው ወደ ሦስተኛ ሲመለስ፣ እንደገና ሲሞክር ይሰማዎታል። ይህ መዋለል ዘይቱን ያግለዋል። «ኦ/ዲ» የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» ይበራል፣ ካምቢዮውም ሦስተኛው ላይ ይረጋል። ሜዳው ሲመጣ መልሰው መጫንዎን አይርሱ። ሲቀድሙም እንዲሁ ነው፤ የጭነት መኪናውን ለማለፍ ከመውጣትዎ በፊት ማርሹን ቢያወርዱት፣ በተቃራኒው መስመር ላይ ሆነው ካምቢዮው እስኪወስን አይጠብቁም።

ከዚህ ውጪ ያለውን የመደመርና የመቀነስ ጨዋታ ብዙም አላምንበትም። ማስታወቂያ እንጀራዬ ስለሆነ «ስፖርት» የሚለው ቃል ስንት መኪና እንደሚሸጥ ይገባኛል፤ በቀለበት መንገድ መጨናነቅ ውስጥ የሚጨምረው ግን የቤንዚን ወጪ ነው።

ማርሽ የሌለው፣ ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ያላት መኪና ካለችዎት ለቁልቁለት «ቢ» ወይም «ኤስ» ያስገቡ። ዘይቱም የተለየ ነው፤ የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ይበላሻልና ሲቀየር ቆመው ይመልከቱ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየዞረ ነው። እነዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተራቸው ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ግን ኃይሉን የሚያስቀምጡበት ስለሌላቸው መያዛቸው ይደክማል። ጎሐ ጽዮን ላይ መቶ በመቶ ሞልተው አይውረዱ።