ከብሬብሩክ ወደ ኦሊንዳ፦ የሮዶደንድሮን፣ የአስታና የጅብራ ነገር

ብሬብሩክና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ሜልቦርንን የምናውቃት ሜዳ ሆና ነው። በምዕራብ በኩል ዝናቡ ትንሽ፣ ነፋሱ አይጣል ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ምሥራቅ የነዳ ሰው ግን ሌላ አገር ይገባል። ዳንደኖንግ ተራሮች ላይ፣ ኦሊንዳ በምትባል መንደር፣ መግቢያው በነፃ የሆነ የእጽዋት መናፈሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮዶደንድሮን ወዳጆች ማኅበር የጀመረው ነው።

ሮዶደንድሮን በብዛት የሂማላያና የቻይና ተራሮች ልጅ ነው። አበባው የሚፈነዳው በእኛ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሲሆን፣ እንቁጣጣሽ እዚህም የጸደይ መባቻ ላይ ይውላልና አደይ ለናፈቀው ሰው ጥሩ ሰሞን ነው። ታዲያ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ633 ሜትር በማይበልጥ ተራራ ላይ የደጋ ተክል እንዴት ኖረ? አገሩ ከምድር ወገብ የራቀ ስለሆነ ቅዝቃዜው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ጭጋግና ዝናብ አይለየውም፤ አፈሩም ጥልቅና ኮምጣጣ ነው። በእኛ ሰፈር ከባድ ጭቃ ላይ ሮዶደንድሮን ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ ገንዘባችሁን ባታባክኑ እላለሁ።

የሚገርመው፣ አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የበቀለ ሮዶደንድሮን የለም። ዘመዱ ግን አለ፤ የኛው አስታ! ስሜን የወጣ ሰው የአስታውን ጫካ አልፎ ወደ ላይ ሲሄድ ዛፍ ያልቅና ሣርና ጅብራ ይቀራል። አባቶቻችን ውርጭ ያሉት አገር ይኸው ነው። እዚያ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ በረዶ ነው፤ ክረምት መጥቶ የሚሄደው በየሌሊቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጅብራ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ለጋ ቡቃያውን ይሸፍናል፣ ጠዋት ይገልጣል። ብዙ ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ምሰሶ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል።

ጅብራ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። እንጦጦ ሥር ያለው 705 ሄክታሩ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል እንኳ ከጅብራ አገር በታች ነው። ስለዚህ ዋናው መጠበቂያው ስሜንና ባሌን የመሳሰሉት ተራሮች ራሳቸው ናቸው። አየሩ በሞቀ ቁጥር የቆላው ተክል ወደ ደጋ፣ የደጋው ወደ ውርጭ ይሸሻል፤ የውርጩ ግን ከጫፍ በላይ መሸሻ የለውም። የአውስትራሊያ ተራሮች እጽዋትም ጭንቀታቸው ይኸው ነው።

ለብሬብሩክ ጓሮ የሚሆን የደጋ ዘመድ የሚፈልግ አሸንዳን ያስብ። እኅቶቹ እዚህ «ሬድ ሆት ፖከር» እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ድርቅም ይችላሉ። አንዳንዱ ዝርያ ግን ከግቢ አምልጦ አረም ሆኗልና አበባው ሲጠወልግ ቁረጡት። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ይዞ መምጣትማ፣ ያለ ፈቃድ ክልክል መሆኑን ለሚመጡ እናቶች አስቀድማችሁ ንገሩ።

ኦሊንዳ ስትሄዱ ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ሂዱ። በዙሪያው ያሉት ግዙፍ ዛፎች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገራችን የገባው የባሕር ዛፍ ወገኖች ናቸው፤ ሽታውን ሳይነገራቸው ያውቁታል። መንገዱ ቁልቁለት ስለሚበዛው ጥሩ ጫማ፣ ከሰዓት በኋላም ይበርዳልና ጋቢ አይረሳ።