ሞላውና ዘይቱ፦ የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ በራያ ቆላ መንገድ

ከወልድያ ተነስቶ በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ የሚዘልቀው ዋና መንገድ የራያን ሜዳ ሲያቋርጥ ለተጓዡ ቀጥ ያለና የተመቸ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለሚታጠፍ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉት ወንዞች በክረምት ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ የተሸከሙትን አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይም በዚያው ያራግፋሉ። በበጋ ውኃው ሲጎድል ለመንገደኛው የሚቀርለት ሰፊ የአሸዋና የድንጋይ ንጣፍ ነው። በማሽላ ማሳዎች መካከል ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንዱ ክፍል ልል አቧራ፣ ሌላው ኮሮኮንች ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የግብርና ባለሙያው፣ የእንስሳት ጤና ረዳቱና የጤና ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚጓዙት በሞተር ሳይክል ነው። በአገራችን ገጠሮች ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ ከኖሩት መካከል ያማሃ ዲቲ 125 እና ያማሃ ኤጂ 100 ይገኙበታል። ነጂው ከኋላው የክትባት ብልቃጥ የያዘ ቀዝቃዛ ሳጥን ጭኖ ሊሆን ይችላል። ብልቃጡ ሳይሰበር፣ ነጂውም ሳይወድቅ መድረሳቸው በአብዛኛው የሚወሰነው ከመሪው በታች ባሉት ሁለት ቱቦዎች ነው። በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ቱቦዎች፣ ማለትም የፊት ሹካውን፣ አሠራርና አስተካከል እንመለከታለን። ዋናው መልእክታችን አጭር ነው፤ በሹካው ውስጥ ሞላውና ዘይቱ የተለያየ ሥራ አላቸው፤ የአንዱን ጉድለት በሌላው ለመጠገን መሞከርም ችግሩን ያብሰዋል።

ከውድድር ሜዳ እስከ ገጠር መንገድ

አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበትና ዘይት እንቅስቃሴውን የሚያረግብበት ሹካ በፋብሪካ ምርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብሊው. አር 12 ሞተር ሳይክል ላይ ነው። ይህን አሠራር እጅግ የፈተነው ሞቶክሮስ የተባለው የወጣ ገባ መሬት ውድድር ሆነ። የዚህ ውድድር መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አገር በካምበርሊ የተካሄደው ግጥሚያ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) መሐንዲሶች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ፈጣኑ ሞተር ሳይክል ኃይለኛው ሳይሆን ጎማው ከመሬት የማይለየው ነበር። በመሆኑም በአሥር ዓመት ውስጥ የውድድር ሹካዎች የጉዞ ርዝመት ከ180 ሚሊ ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 300 ሚሊ ሜትር ተጠጋ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ የቀረበው ያማሃ ዲቲ 1 ይህን የውድድር ሜዳ ልምድ ለተራው ነጂ አቀረበ፤ የዲቲ ዝርያዎች ሁሉ የእርሱ ተከታዮች ናቸው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች አሮጌ የሞቶክሮስ ሞተሮችን የሚያድሱ ሰዎች ሹካን ለማስተካከል የሚጠቀሙበት ዘዴ ራያ ላይ ለሚሠራ ዲቲም የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። የሁለቱም ሹካ ውስጡ ሲከፈት የሚገኘው ያው ጥምዝ ሞላ፣ ያው ዘይትና ያው ባለ ቀዳዳ ዘንግ ነው።

ሞላው፦ ምን ያህል?

ሞላው የሚመልሰው ጥያቄ «ሹካው ምን ያህል ይታመቅ?» የሚለውን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የሁክ ሕግ እንደሚያስረዳው የሞላው ኃይል ከታመቀበት ርዝመት ጋር እኩል ያድጋል። የጉዞ ርዝመቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ሹካ እንውሰድ። ነጂው ተቀምጦ ሳለ በፊተኛው ጎማ በኩል 60 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት በሞላዎቹ ላይ ቢያርፍ ክብደቱ ወደ 588 ኒውተን ይሆናል። የሁለቱ ሞላዎች ጥንካሬ በአንድነት በሚሊ ሜትር 8.4 ኒውተን ከሆነ ይህን ክብደት ለመሸከም 70 ሚሊ ሜትር መታመቅ አለባቸው።

ሆኖም ሞላው ሹካው ውስጥ ሲገጠም አስቀድሞ በጥቂቱ ይታመቃል። ይህን ቅድመ ጭነት እንበለው። ቅድመ ጭነቱ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ነጂው ሲቀመጥ ሹካው የሚወርደው የቀረውን 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም የጉዞው አንድ አራተኛ መሆኑ ነው። ለወጣ ገባ መንገድ ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያለው ዝቅታ ተስማሚ ሆኖ ይገኛል። ሹካው ወደ ታች መውረጃ ቦታ የሚያስፈልገው በማይታይ ጉድጓድ ላይ ጎማውን ተከትሎ እንዲዘረጋ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሞላው ላይ ሮንዴላ ወይም የቱቦ ቁራጭ ሲጨመር ሞላው የጠነከረ ይመስላል። 10 ሚሊ ሜትር ቢጨመር ዝቅታው ከ50 ወደ 40 ይቀንሳል፤ የሞላው ጥንካሬ ግን እንደ ቀድሞው በሚሊ ሜትር 8.4 ኒውተን ነው። የተለወጠው የሞተሩ ቁመት እንጂ የሞላው ባሕርይ አይደለም። ትክክለኛውን ዝቅታ ለማግኘት እጅግ ብዙ ቅድመ ጭነት ካስፈለገ ሞላው ለጭነቱ ደካማ ነውና መለወጥ አለበት።

ዘይቱ፦ በምን ፍጥነት?

ሞላ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ አንድ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሽቅብና ቁልቁል ይዋዥቅ ነበር። ሞላው ያጠራቀመውን ጉልበት ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያጠፋው ዘይቱ ነው። ሹካው ሲታመቅና ሲዘረጋ ዘይቱ በዘንጉ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ያልፋል፤ የሚገጥመው ተቃውሞም እንቅስቃሴውን ያረግባል። ስለዚህ የዘይቱ ጥያቄ «በምን ፍጥነት?» የሚለው ነው። ሹካው በቆመበት ሁሉ ዘይቱ ምንም ኃይል የለውም።

በቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ አንድ ጠባይ አለው፤ ተቃውሞው የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። በሰከንድ 0.2 ሜትር ሲንቀሳቀስ 50 ኒውተን የሚቃወም ሹካ በሰከንድ 1 ሜትር ሲንቀሳቀስ 1,250 ኒውተን ይቃወማል። ፍጥነቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ሃያ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዝግታ ሲነዳ የተመቸ የሚመስለው ሹካ ድንጋይ በድንገት ሲመታ እንደ ብረት ምሰሶ የሚደርቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ለሹካ የተሠራ ዘይት ሲታጣ የሞተር ዘይት መጨመር የተለመደ ነው። ለሹካ በብዛት የሚመከረው 10 ቁጥር ዘይት ሲሆን 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ግን ከዚህ እጅግ የወፈረ ነው። ጋራዡ ውፍረት የሚለውን ሳይንሱ ዝልጉግነት ይለዋል። ዝልጉግነት ደግሞ በሙቀት ስለሚቀንስ አንዱ ሹካ በማለዳና በቀትር የተለያየ ጠባይ ያሳያል።

ሽንሽኑ መንገድ የሚያጋልጠው ስሕተት

የኮሮኮንች መንገድ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተከታታይ ሞገድ እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2007 ታበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሸዋ ላይ በሚሽከረከር ጎማ ባደረጉት ሙከራ፣ ጎማው ሞላ ባይኖረው እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ሞገዱ እንደሚፈጠር አሳይተዋል። መንገዱ መሸንሸኑ የማይቀር ከሆነ የሚቀረው ብልሃት ሹካውን ለእርሱ ማዘጋጀት ነው።

በሞገዶቹ መካከል ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ሞተሩ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ጎማው በሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ይመታል። የሞተሩ አካል ግን በሞላው ላይ የሚዋዥቀው በዝግታ ነው። ይህን ድግግሞሽ ለማግኘት 0.5ን ሞላው በክብደቱ ምክንያት በታመቀበት ርዝመት (በሜትር) ካሬ ሥር ማካፈል ይበቃል። በምሳሌያችን 0.07 ሜትር ስለሆነ ውጤቱ በሰከንድ 1.9 ጊዜ ይሆናል። አካሉ 17ቱን ምት ለመከተል ጊዜ ስለማያገኝ ጎማው ከታች ሲሯሯጥ ነጂው ከላይ ተረጋግቶ ይሄዳል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሹካው በነጻነት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ዘይቱ የወፈረ እንደሆነ ታሪኩ ይለወጣል። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 0.06 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ መልሶ መዘርጋት ያልቻለ ሹካ ሁለተኛው ምት በግማሽ ታምቆ ሳለ ያገኘዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ ታምቆ። ከጥቂት ሞገዶች በኋላ ሹካው ወደ መጨረሻው ይጠጋና ይገትራል። ነጂው ይህን ሲያይ «ሞላው ደከመ» ብሎ ሮንዴላ ያስጨምራል፤ ወይም «ዘይቱ ቀጠነ» ብሎ ይበልጥ የወፈረ ያስቀይራል። ሁለቱም ጎማውን ከመሬት ያርቁታል። ጎማው ለ0.1 ሰከንድ ብቻ አየር ላይ ቢቆይ በዚህ ፍጥነት ሞተሩ አንድ ሜትር ያህል ያለ መሪና ያለ ፊት ፍሬን ተጓዘ ማለት ነው። በወንዝ አሸዋ ላይ ወይም በጠባብ መታጠፊያ ይህች አንድ ሜትር ለመውደቅ ትበቃለች።

ከዘይቱ በላይ ያለው አየር

ሦስተኛው ረዳት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዘይቱ በላይ የታፈነው አየር ነው። በቦይል ሕግ መሠረት የአየሩ ይዘት ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል። ለስሌት ያህል ሹካው ሲዘረጋ የአየሩ ዓምድ 350 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በ200 ሚሊ ሜትር ጉዞ መጨረሻ 150 ብቻ ስለሚቀር ግፊቱ ከመነሻው 2.33 እጥፍ ይሆናል። የዘይቱ ከፍታ በ30 ሚሊ ሜትር ቢጨመር ዓምዱ ከ320 ወደ 120 ይወርዳልና ግፊቱ 2.67 እጥፍ ይደርሳል። በጉዞው አጋማሽ ግን ልዩነቱ በ1.40 እና በ1.45 መካከል ብቻ ነው። ስለዚህ ሹካው በአነስተኛ ጉድጓድ ተመችቶ፣ በትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ እስከ ጫፍ የሚማታ ከሆነ መድኃኒቱ የወፈረ ዘይት ሳይሆን ጥቂት ከፍ ያለ የዘይት መጠን ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

በቅድሚያ ሹካው ጤናማ መሆኑ ይረጋገጥ። የራያ አቧራ በሚንሸራተተው ቱቦ ላይ ተጣብቆ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ይበላዋል፤ የሚያፈስ ዘይትም ወደ ፍሬን ከወረደ አደገኛ ነው። የሹካው ክዳን ሲከፈት ሞላው ተስፈንጥሮ ሊጎዳ ስለሚችል ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ ክዳኑም በእጅ እየተጫኑት በዝግታ ይፈታ። አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ በሁለቱም ቱቦዎች እኩል የተለካ አዲስ ዘይት ይግባ።

ቀጥሎ ዝቅታው ይለካ። የፊት ጎማው ከመሬት ሲነሳ የሚታየው የቱቦ ርዝመት በማስመሪያ ይመዘገባል፤ ከዚያም ነጂው ከተለመደው ጭነቱ ጋር ተቀምጦ ጓደኛው ሞተሩን ደግፎ ሳለ እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ዝቅታው ነው። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ዘይቱ ውፍረት፣ በመጨረሻም ወደ ዘይቱ ከፍታ ይታለፋል።

በቱቦው ላይ ቀጭን ላስቲክ ማሰር ከብዙ ክርክር ያድናል። ሹካው ሲታመቅ ላስቲኩን ገፍቶ የደረሰበትን ጫፍ ምልክት ያደርግለታል። እጅግ አስቸጋሪው መሻገሪያ ታልፎ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ጉዞ ከተረፈ ማስተካከያው መልካም ነው። ብዙ ጉዞ ተርፎ ሳለ እጅን የሚመታ ሹካ ወይ ሞላው ጠንክሯል፣ ወይ ዘይቱ ወፍሯል፤ ዝቅታው ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ ጥፋቱ የዘይቱ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሙከራው በአንድ መንገድና በአንድ ፍጥነት ይደረግ፤ ውጤቱም በደብተር ይጻፍ። የፊዚክስ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በአካባቢያችሁ የሚሠራ ሞተረኛ ካለ ማስመሪያና ላስቲክ ይዛችሁ የሹካውን ዝቅታ ለኩለት፤ ከላይ በሰጠነው ስሌትም ድግግሞሹን አስሉ። ከሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ በፊት የተደረገ የአንድ ሰዓት ልኬት ብዙ ብልቃጥና ጥቂት አጥንት ያድናል።