ተፈትቶ የተገጠመ ሞተር ለምን ይነክሳል?



ዛሬ የምናገረው ባለቤቱ በገዛ እጁ ፈትቶ ከገጠመው በኋላ አልዞርም ስላለ የመኪና ሞተር ነው። ርእሱን የመረጥሁት ራሴ ስለወደቅሁበት ነው። የዶክትሬት ዲግሪዬን ይዤ ማስተማር ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የአሮጌ ኮሮላዬን ሞተር ግቢዬ ውስጥ አውርጄ ፈታሁት። ብሮንዚኖቹን በአዲስ ተካሁ፤ ክራንክሻፍቱን መልሼ አስቀመጥሁ፤ አምስቱንም የመቀመጫ ክዳኖች መመሪያው በሚያዝዘው ልክ በቶርክ ሬንች አጠበቅሁ። ከዚያ ላዞረው ብሞክር እንደ ዓለት ቆመ። ይህን ትምህርት በየዓመቱ የማስተምረው ሰው ያደረግሁት ምን ይመስላችኋል? የመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰካሁ።

ሩብ ዙር ያህል እየጮኸ ከሄደልኝ በኋላ፣ ለመርዳት የመጣው የሰፈራችን መካኒክ እጄን ያዘኝ። «ዶክተር፣ ቧንቧውን ያውጡት። የቱን ካጠበቁ በኋላ ነው የያዘው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አምስቱንም በአንድ ትንፋሽ አጥብቄ ነበርና።

ጥያቄው ለምን ትክክል እንደ ሆነ ላስረዳ። በክራንክሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል የሚተወው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ዘይቱ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ይህን ቀዳዳ የሚሠራው ክዳኖቹን ከሞተሩ አካል ጋር በብሎን አስሮ፣ ሁሉንም በአንድ መስመር በመቅደድ ነው። ስለዚህ ክዳን መለዋወጫ የለውም፤ ከተወለደበት ቦታና አቅጣጫ ሌላ አይገጥምም። ሁለተኛውንና አራተኛውን ብታቀያይሩ በዓይን ምንም አይታይም፤ ብሎኖቹም ያለ ችግር ይገባሉ። ነገር ግን ቀዳዳው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይዛነፍና ዘንጉን ይነክሰዋል። ከብሮንዚን ጀርባ የቀረ አሸዋም ይህንኑ ያደርጋል። (በነገራችን ላይ፣ የዘይት ቀዳዳ ያለውን ብሮንዚን ወደ ታች፣ የሌለውን ወደ ላይ ያደረገ ሰው ሞተሩን በእጁ በቀላሉ ያዞረዋል። የሚያጠፋው ሲነሳ ነው፤ የዘይቱ መንገድ ተዘግቷልና።)

ስለዚህ አንድ ክዳን ባጠበቃችሁ ቁጥር ዘንጉን አንድ ጊዜ አዙሩት። አስቀድሞ አልፏችሁ ከሆነ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ አንዱን ፍቱና አዙሩ፣ ካልተለቀቀ ቀጣዩን ፍቱ።

ሙሉ በሙሉ የተገጠመ ሞተር ሲሆን ምርመራው ከውጭ ይጀምራል። ባትሪው ይነቀል፤ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ። ቴስታታው ሲነሳ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ፈስሶ ከሆነ፣ ውሃ እንደ አየር አይጨመቅምና ፒስተኑን ያቆመዋል። ካንዴላው ሲወጣ ውሃው በቀዳዳው ይወጣል፤ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ። በዚህ ሁኔታ ሞተሪኖ የሚጫን ሰው ቢየላ ሊያጣምም ይችላል።

ቀጥሎ የአያያዙን ጠባይ በእጅ መስማት ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ዙሩን ሁሉ እኩል የሚከብድ ሞተር አዲስ የፒስተን ቀለበት ስላለው ብቻ ሊከብድ ይችላል፤ ያ ሕመም አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከቆመ ግን አታስገድዱት፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አዙሩት። ባለአራት ምት ሞተር ሥራውን የሚጨርሰው ክራንክሻፍቱ 720 ዲግሪ ሲዞር ነው፤ በዚያ ጊዜ ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ወደ ኋላ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ በነጻነት ከሄደላችሁ፣ ክራንክሻፍቱ ያንን የቆመበትን ቦታ ያለ እንቅፋት አልፎታል ማለት ነው። እንግዲህ እንቅፋቱ ከታች ሳይሆን በየሁለት ዙሩ አንዴ ከሚመጣው ከቫልቮቹ ወገን ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋው ጥርስ ተሳስቶ ፒስተኑ ክፍት ቫልቭ እየመታ ሊሆን ይችላል። ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ዲግሪ በመቁጠር ብቻ ከሞተሩ ግማሹን ከጥርጣሬ ነጻ አወጣችሁ።

ሞተሩ ለብቻው ሲዞር ቆይቶ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲገጠም ከያዘስ? የቶርክ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነው። ካምቢዮውና ሞተሩ ብሎን ሳይጠብቅ በእጅ ግፊት ብቻ መገናኘት አለባቸው። ክፍተቱን በብሎን የዘጋ ሰው ክራንክሻፍቱን ወደ ፊት እየገፋ ነው።

ወደ ግቢዬ ልመለስ። መካኒኩ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አስፈታኝና በጨርቅ ጠራረጋቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ቀስት ተቀርጿል፤ እኔ ቅባቱን ሳላጸዳ ስለገጠምሁ አላየሁትም። ሁለተኛውና አራተኛው ተቀያይረዋል። ክራንክሻፍቱ ተርፏል፤ የሁለቱ መቀመጫዎች ብሮንዚኖች ግን በዚያች ሩብ ዙር ተልጠዋል። በአዲስ ከተካናቸውና ክዳኖቹ በቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ዘንጉ በአንድ እጅ ዞረ።

የተላጡት ብሮንዚኖች እነዚሁላችሁ። እየተቀባበላችሁ እዩአቸው፤ የሚያብረቀርቀው ከዳር በኩል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን።